ወረቀቱ በሁለት ምጥ መካከል

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ኮንዶሚኒየሙ ካለቀበት ዳር፣
ሲኖትራክ አሸዋ ጭኖ ሲመላለስ በሚያድርበት ሰፈር፣
አዲስ ክሊኒክ አለ፣ ቀለሙ ያልደረቀ፣
ሊፍቱ «በቅርብ ቀን» እየተባለ ዓመቱ የዘለቀ።
ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ በእግሬ፣ በወንድዬ ትከሻ፣
ግድግዳ እየዳሰስኩ እስከ መጨረሻ።

ሲስተር ሌንሳ አየችኝ። ጓንቷን እያወለቀች፣
«አምስት ሴንቲ ነው፣ ገና ነሽ» አለች።
ቆየችና ደግሞ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ኤፒዱራል አለ፣ ከወገብ በታች ሕመም የሚዘጋ።
ሐኪሙ ከመሀል ከተማ ነው የሚመጣው፣ ቃሊቲን አቋርጦ፤
ቶሎ ወስኚልኝ፣ ኋላ እንዳትቆጪ ሰዓቱ አምልጦ።»

ወረቀት ሰጠችኝ፣ ሁለት ገጽ፣ ፊደሉ ደቃቃ፦
ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፣ ግፊት ሊወርድ፣ እግር ሊከብድ፣
አልፎ አልፎም...
እዚህ ላይ ምጤ መጣ፣ ፊደሉ ጀመረ እንደ ጉንዳን መሄድ።

እትዬ ደብሪቱ፣ የባሌ እናት፣ በር ላይ ቆመዋል፤
ነጠላቸውን አጣፍተው ከራሳቸው ጋር ያወራሉ፣ እኔ ግን ይሰማኛል፦
«እኛ ስድስት ስንወልድ ማን መርፌ ሰጠን?
ማርያም ማርያም ብለን፣ ጥርሳችንን ነክሰን!
ምጥ ያልቀመሰች እናት ልጇን በምን ታውቃለች?
ደግሞ ወገብ ነው ነገሩ፤ የነእንትና ልጅ ዛሬም ታነክሳለች።»

ወንድዬ ስልኩ ላይ ዋጋውን ይደምራል፣
የቤት ኪራዩን ይቀንሳል፣
«አንቺ ያልሽው ይሁን» ይላል።
ደግ ቃል ነው፣ አውቃለሁ፤
ግን ከቃሉ ጋር፣ ከነምጤ፣ ብቻዬን ቀረሁ።

ብፈርም ቅምጥል፣ ባልፈርም ግትር፤
ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለኔ ወገብ ነበር።
እውነቱን ልናገር፣ መርፌውን አልነበረም የፈራሁት ያኔ፤
ሳልጮህ ብወልዳትስ? የወለድኩ ባይመስለኝስ ለኔ?

እማዬ ወንበሯ ላይ ቴርሞሷን አቅፋለች።
አምስት ወልዳ ሁለት ቀብራለች፣
ስለ ምጥ አንድ ቀን አንድ ቃል ሳትነግረኝ አሳድጋኛለች።
ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚሉት ተረት
ትዝ አለኝና አፈርኩ፤ ቢሆንም ጠየቅኳት፦
«እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚስ?»

ዘገየች። ምጤ መጣ፣ ምጤ ሄደ።
አፏ ወደ ጆሮዬ ወረደ፦
«እኔን የጠየቀኝ የለም።

በወንድምሽ ጊዜ፣ ሁለት ሌሊት አንድ ቀን፣
ስቆጥር ከረምኩ የቆርቆሮውን ምስማር፣ ቀዳዳውን።
ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ አይዞሽ ይላል፤
ምን ይሻልሻል የሚል ግን ከየት ይገኛል?»

ቴርሞሷን መሬት አስቀመጠች።
«አንቺን ግን ጠየቁሽ። መልሺ» አለች።

ፈረምኩ። ስሜ ተጣሞ ከመስመሩ ወረደ።
ለምስክር ወንድዬ እጁን ሲሰድ
«እኔ ልሁን» አለች። ፊደል አትቆጥርም፤
አውራ ጣቷን ሰማያዊ ቀለም ነከረች፣ እጇ አልተንቀጠቀጠም።

ሐኪሙ ሊነጋጋ ሲል ደረሰ፣ ጫማው ጭቃ፤
ቃሊቲ ላይ ሲኖትራክ ተገልብጦ ነበር፣ መንገዱ የተዘጋ።
«ሰባት ሆኗል» አለች ሌንሳ። «ይደርሳል?» «ይደርሳል።
ትራሱን እቀፊ፣ እንደ ድመት ጎበጥ፣ አትንቀሳቀሺ» ይላል።

ቀኝ ጎኔ ዝም አለ።
ግራዬ ግን ወሬውን ቀጠለ።
እና ጮህኩም፣ መሀሉ ላይም ሳቅኩ፤
የትኛው ጎኔ እንደወለዳት እስከዛሬ አላወቅኩ።

እትዬ ደብሪቱ እልል ሲሉ መርፌውን ረስተዋል።
መስኮቱ ላይ የአሸዋው አቧራ ፀሐይ መትቶት ይታያል።
እማዬ አቀፈቻት፤ በነጩ መጠቅለያ ዳር፣
በላቧ የራሰ ሰማያዊ አሻራ ነበር።
«ይሄ ይታጠባል» አለች ሌንሳ፣ ጨርቁን ልትቀይር።

«ተዪው» አልኳት።